የመሬት መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ትምህርት ቤት

ወንድይራድ ዲሬክተር የሆነው በስልክ ነው። ዕድሜውን በምክትልነት የፈጀ ሰው ነበር። ዲሬክተሮች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ የዲላን ጭቃ ያማርራሉ፣ አማላጅ ፈልገው ይዛወራሉ። እሱ ግን ቁልፍ እያስረከበ፣ ቁልፍ እየተረከበ እዚያው ቀርቷል። ከተማው ውስጥ «ምክትል!» ተብሎ ሲጠራ ዞር የሚለው እሱ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሰርዶ የምትባለው የበረሃ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰች በዓመቱ ገደማ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ለዲላ ፖስታ ቤት ስልክ ተደወለ። ያን ጊዜ የዲላ ስልክ ሰው የሚያነጋግር ዕቃ አልነበረም፤ ሰው የሚያጯጩህ ዕቃ ነበር። ስልኩን የተቀበለው ሰው አንድ ጆሮውን በጣቱ ወትፎ፣ በሌላው የሰማውን ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ እንዲህ ሲል አደረሰ፦

«በዲላ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ትምህርት ቤት በአስቸኳይ እንዲሠራ ተወስኗል። የውጭ አገር መሐንዲስ መጥቶ ያየዋል።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊታውራሪ ተክለማርያም ነበሩ። ከፍስሐ ገነት እስከ ወናጎ ያለው ቡና ግማሹ በእጃቸው ያልፋል፤ የማይገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ድምፃቸውን ከፍ የማድረግ ልማድ ነበራቸው።

«የእርሻ ትምህርት ቤት አለ» አሉ ከፍ አድርገው። «የንግድ ትምህርት ቤት አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤት ቢቋቋም ምን ይገርማል? መንግሥት የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።»

«ግን ፊታውራሪ፣ ምን ሊማሩበት ነው?» ብሎ ጠየቀ ከኮሚቴው አንዱ።

«መንቀጥቀጥ ነዋ!»

ከዚህ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ዲሬክተር ያስፈልጋል ተባለ፤ ምክትል ሆኖ ያረጀ ሰው በእጃችን አለ ተባለ። ክፍል ያስፈልጋል ሲባልም ፊታውራሪ ጊዜ አላባከኑም። ከገበያው በላይ ባለው ትምህርት ቤት ጥግ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራች የአንደኛ ክፍል መማሪያ ነበረች። አንዱ ግድግዳዋ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ እንዳይወድቅ በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል። «ለዚህ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምን ክፍል ይገኛል?» አሉ ፊታውራሪ። «ራሷ ትንቀጠቀጥ የለም እንዴ!»

የዚያች ክፍል አስተማሪ ስመኝ ትባላለች። የወንድይራድ ሚስት ናት። ወንድይራድ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የልጆች ደብተር ወደምታርምበት ጠረጴዛ እየሮጠ ሄደ።

«ዲሬክተር ሆንኩ!» አላት።

«የምን?»

«የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤት።»

ስመኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ግንባሩን በመዳፏ ነካችው። ትኩሳት የለውም። ያኔ የስልኩን ቃል በአፉ ደገመላት። እሷም ፊደል እንደምታስቆጥራቸው ልጆች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ አለችውና ድንገት ብድግ አለች።

«ን ጎድሏል!»

«ምን?»

«ን! ‹የመሬት መንቀጥቀጥን የሚቋቋም› ነው ያሉት። መሬት ቢንቀጠቀጥ የማይፈርስ ትምህርት ቤት ይሠራ ማለታቸው ነው። ሕንፃ ነው ወንዴ! ሲሚንቶ! ብረት! ያ ግድግዳ ልጆቼ ላይ ሳይወድቅ ሊሠራልን ነው እኮ!» እንባ በዓይኗ ሞላ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ፣ አንድ ዓይኗን ግድግዳው ላይ አድርጋ እንዳስተማረች የምታውቀው እሷ ናት።

ወንድይራድ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ልክ እንደሆነች ወዲያው ገብቶታል። አንዲት ን ከስልኩ ሽቦ ላይ አለታ ወንዶ ከተማ ትውደቅ ወይ ከዚያ ወዲህ፣ ብቻ ወድቃ ቀርታለች፤ የእሱ ዲሬክተርነት ደግሞ በእሷ መውደቅ የተገኘ ነው። ን ከተነሣች እሱ ይወድቃል። ይህን ሲያስብ አፈረ፤ አፍሮም ግን ማሰቡን አልተወም።

«ነገ ሄደህ ንገራቸው» አለችው።

«እነግራቸዋለሁ።»

በማግሥቱ «ን»ዋን ምላሱ ጫፍ ላይ አድርጎ ከፊታውራሪ መጋዘን ደረሰ። ፊታውራሪ የቡና ጆንያ እያስመዘኑ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩት እጃቸውን ዘርግተው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ዲሬክተር!» ብለው ጠሩት። ወንድይራድን በዚህ ቃል የጠራው ሰው ኖሮ አያውቅም። ምራቁን ሲውጥ «ን»ዋም አብራ ወረደች።

ሥራ ተጀመረ። ወንድይራድ የያዘውን ነገር በወጉ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ይኼንንም በወጉ ሠራው። ተማሪዎቹ ሌሎች አልነበሩም፤ በክፍሉ ውስጥ የተገኙት ያው የስመኝ የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ጠዋት ከእሷ ጋር ሀሁ ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከእሱ ጋር ይንቀጠቀጣሉ። ትምህርቱ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ተብሎ ተከፈለ። በቀላሉ ጣት ይንቀጠቀጣል፤ በመካከለኛው ትከሻ ይጨመራል፤ በከባዱ ደግሞ እግር መሬት ይመታል። ከባዱን ግን ስመኝ ከለከለች።

«በዚህ ክፍል ውስጥ እግሩን የሚያነሣ ልጅ እንዳላይ!» አለች። ከሰዓት በኋላ ባሏ ሲያስተምር እሷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ከባሕር ዛፉ ግንድ ጎን ትቆማለች። ግድግዳው ቢመጣ ልታቆመው እንደማትችል ታውቃለች። ቢሆንም ትቆማለች። ማታ ማታ ስለ ን አትጠይቀውም፤ ራቱን ታቀርብለትና ዝም ትላለች። ወንድይራድ ከዚያ ዝምታ ስድብ በስንት ጣዕሙ ይል ነበር።

አንድ ቀን ሽብሩ የሚባል አባት ከወናጎ መጣ። እርሻውን ትቶ፣ የጌዴኦ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ ዲሬክተር» አለ ወንዱንም ሴቱንም «እሷ» በሚል አማርኛው፣ «ይኼ ወንዱ ልጄ ማታ ማታ ቤት መጥታ ትንቀጠቀጣለች። ወባ ነው አልን። ኪኒን ሰጠን፣ አልተወችም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩላት፣ አልተወችም። ኋላ ብንጠይቃት ‹የቤት ሥራ ነው› አለችን።»

«ልክ ነው፤ የቤት ሥራ ነው» አለ ወንድይራድ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ጎበዝ ናት?»

«በመካከለኛው ጎበዝ ነው።»

ሽብሩ ደስ አለው። ልጁ በምንም ይሁን ጎበዝ መባሉ ትልቅ ነገር ነው። ሊሄድ ብሎ ግን ተመለሰ። «የማቆሙን መቼ ነው የምታስተምሩት?»

«የማቆሙ… ሁለተኛ ክፍል ነው» አለ ወንድይራድ፤ ውሸቱ ፊቱን አቃጠለው።

መሐንዲሱ የመጣው ቡና ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን ነው። ጃፓናዊ ነው። አጭር፣ ቆቡን ከእጁ የማይለይ፣ ጫማውን ጭቃ ሲነካው ጭቃውን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። ይርጋ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ አስተርጓሚ ሆኖ አብሮት መጥቷል። ፊታውራሪ ካባ ደርበው ተቀበሉት፤ ንግግርም አደረጉ። እንግዳው ንግግሩ ሲያልቅ ሕንፃው የሚቆምበት ባዶ ቦታ የት እንደሆነ ጠየቀ።

«ትምህርት ቤቱ የታል ይላሉ» አለ ይርጋ፣ ማሳጠር የሚወድ ልጅ ስለነበረ።

«ይኸው!» አሉ ፊታውራሪ፤ እንግዳውን ወደዚያች ክፍል አስገቡት። ልጆቹ ብድግ አሉ። እንግዳው ልጆቹን አላየም፤ ግድግዳውን ነው ያየው። ጠጋ ብሎ በአንድ ጣቱ ነካው፤ ጣቱንም ቶሎ ሰበሰበ። ከዚያ ስለ አገሩ ይናገር ጀመር።

«በአገራችን አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለን ይላሉ» አለ ይርጋ። «ቤት ሠርተው እሱ ላይ ያቆሙና በሞተር ያንቀጠቅጡታል። የትኛው እንደሚፈርስ፣ የትኛው እንደሚቆም ያዩበታል።»

ፊታውራሪ በእንግዳ መበለጥ አይወዱም። «እኛ ደግሞ ልጆቹን ነው የምናንቀጠቅጠው በልልኝ!» አሉ።

ይርጋ እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አይታወቅም፤ እንግዳው ግን ማስታወሻ ያዘ። በአገሩ ከሠላሳ ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ መሠራቱን፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ወዲህና ወዲያ ተወዛውዞ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ተናገረ። የትምህርት ቤት ልጆችም ከጠረጴዛቸው ሥር ገብተው ይቀመጣሉ አለ።

«የእኛ ልጆች ጠረጴዛ የላቸውም በልልኝ» አለች ስመኝ ከግድግዳው ሥር ሆና።

ይርጋ አመነታ፤ ከዚያ ተረጎመላት። እንግዳው ወደ መሬቱ፣ ልጆቹ ወደሚቀመጡበት የጭቃ መደብ አየ። ሲናገር ድምፁ ቀንሶ ነበር። ለመላው አገሪቱ የተሰጠው ሲሚንቶና ብረት አንድ ትምህርት ቤት የሚያሠራ ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያስፈልገው ቦታ የትኛው እንደሆነ መርጦ ማሳወቅ አለበት። ዲላ አንዷ ናት፤ ሌሎችም አሉ።

ስመኝ ወንድይራድን አየችው። አሁን ተናገር፣ አሁን! ወንድይራድ አፉን ከፈተ፤ ፊታውራሪ ግን ቀደሙት። ሽልማት ያለበት ውድድር የመጣ መስሏቸዋል።

«ከባዱን አሳዩአቸው!» ብለው አዘዙ።

ልጆቹ ከባዱን ስንት ጊዜ ተመኝተው ተከልክለዋል! አንዴ ሲፈቀድላቸው እግራቸውን አንሥተው መሬቱን ያን ያህል ልጅ በሚችለው ሁሉ መቱት። ክፍሉ አጉረመረመ። ከጣራው ሥር አቧራ ወረደ። የባሕር ዛፉ ግንድ ሲጥ አለና ከቆመበት ጉድጓድ ሸርተት አለ። ፊታውራሪ ያጨበጭባሉ። ስመኝ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ከባሏ ላይ ሳትነቅል ቆማለች። በዓይኗ ውስጥ ልመና አልነበረም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው አስተያየት ነበር። ወንድይራድን የሰበረው እሱ ነው።

«ውጡ!» ብሎ ጮኸ። «ሁላችሁም! ውጡ!»

ልጆቹ በበሩም በመስኮቱም ፈሰሱ። የመጨረሻዋን ልጅ በብብቱ ይዞ፣ ስመኝን በእጇ ጎትቶ ወጣ። ሜዳው ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ወር የዋጠውን ተፋው።

«ፊታውራሪ፣ ን ጎድሏል! የመንቀጥቀጥ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም! መንቀጥቀጥን የሚችል ሕንፃ ሊሠሩልን ነው የደወሉት። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ። ለሹመቴ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ሻሩኝ፤ ብቻ ሕንፃውን ለልጆቹ ጠይቁ!»

ወንድይራድ ከወራት በኋላ ደረቱ ቀለለው። ይርጋ አፉን በእጁ ይዞ እየሳቀ ነገሩን ለእንግዳው አስረዳ። እንግዳው አልሳቀም፤ ሰዓቱን እያየ ነበር። ቀስ ብሎ ረጅም ነገር ተናገረ።

«በጣም ተደንቀዋል» አለ ይርጋ። «በአገራቸውም ቢሆን ሕፃናት እንዲህ ፈጥነው ከክፍል ሲወጡ አላዩም። ሕንፃ ውድ ነው ይላሉ። ሲሚንቶና ብረት እንደ ልብ በሌለበት አገር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ፈጥኖ መውጣት ነው። ዲላ ይኼንን በራሷ ስለደረሰችበት፣ ሲሚንቶው ገና መውጣት ላልለመዱ ልጆች ይሰጣል። ለዲላ የምስጋና ቃል ይላክላታል።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ፊታውራሪ ወንድይራድን አቅፈው ሳሙት። «ይኼ ን የምትለው ነገር ለራስህ ይሁን፤ ዲሬክተርነትህ ጸንቷል!» አሉት። ወንድይራድ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተመስግኖ አያውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ማልቀስ አምሮት አያውቅም። እንግዳው መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ስመኝ ዞሮ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለም ቆየ። ስንብት ይሁን ይቅርታ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ስመኝ ሰሌዳውን ከክፍሉ ነቅላ ግቢው ውስጥ ወዳለው የዋንዛ ዛፍ ስትጎትት ተገኘች።

«ያመሰገኑን ስለወጣን ነው» አለች። «እንግዲህ አንገባም።»

ወንድይራድ የሰሌዳውን ሌላ ጫፍ ያዘ። ፊታውራሪ በዚያ ሲያልፉ አይተው፣ ይቆጣሉ ሲባል ደስ አላቸው። ክፍሉ ባዶ ከሆነማ ምን ቸገራቸው? ከኮንጋ የመጣው ቡና መጋዘናቸውን አጣቦ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ጆንያውን በክፍሉ ውስጥ እስከ ጣራ ደረደሩት። አንድ ዝናባማ ቀን፣ መሬቱ ንቅንቅ ሳይል፣ ግድግዳው ደከመውና ቡናው ላይ ተኛ።

የዚያን ዕለት የፊታውራሪ ለቅሶ በስልክ ሲሄድ አንዲት ፊደል እንኳ አልወደቀችም። ቡናው ለውጭ አገር የተሸጠ ነዋ! መርከቡ ጅቡቲ ይጠብቀዋል፤ ገዢዎቹ ባሕር ማዶ ሆነው ይጠይቃሉ፤ ከዚህም ከዚያም ተደወለ። ለልጆች ያልተገኘው ሲሚንቶ ለቡና ተገኘ። በፈረሰችው ክፍል ቦታ ላይ መጋዘን ሊቆም ብረቱ በጭነት መኪና መጣ፤ የመሐንዲሱ ንድፍም ተከትሎ መጣ። መሠረቱ ጠለቀ፤ ግድግዳው ከላይም ከታችም በብረትና በሲሚንቶ መቀነት ታሰረ። ቡናው ጠንካራ ቤት ወዳለበት አገር ተጓዥ ስለሆነ፣ ከመሳፈሩ በፊት የዚያን አገር ኑሮ ይለማመድ ተብሎ ነው እንበል። ሌላ ምን ይባላል?

ልጆቹ ዋንዛው ሥር ሆነው ግንበኞቹ ሲሠሩ እያዩ መደመር ተማሩ።

ከዚያ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እውነተኛው መንቀጥቀጥ መጣ። ትልቅ አልነበረም። ቆርቆሮው ተንጫጫ፤ ውሾች ጮኹ፤ የገበያው የድንጋይ አጥር ተናደ። መሬቱ ሁለተኛ ጊዜም አጉረመረመ። የዲላ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በዝናብ ውስጥ እየጮኸ መንገዱን ሞላው። ከዋንዛው ዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ከሰሌዳው አጠገብ ወደቀ፤ ልጆቹ በእንሰት ቅጠል ተከልለው ስመኝ ላይ ተጣበቁ። ስመኝ ዙሪያዋን አየች። ዛፍ አለ፤ አጥር አለ፤ የሚፈርስ ነገር ብቻ ነው ያለው። አንድ የማይፈርስ ቤት ግን ከፊቷ ቆሟል።

«ወደ መጋዘኑ!» አለች።

ከተማው ወደ ውጭ ሲሮጥ እነሱ ወደ ውስጥ ሮጡ። ጠባቂው ሸሽቶ ስለነበረ ወንድይራድ በሩን በትከሻው በረገደው። ጆንያው እስከ በሩ ተደርድሯል፤ ግማሾቹ ልጆች ገብተው ግማሾቹ ደጃፉ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው ቀሩ። በዚህ መሐል ፊታውራሪ በጭቃ ተለውሰው፣ ቡናቸውን ሊያዩ እያለከለኩ ደረሱ።

«ማን ፈቀደላችሁ? አስወጣቸው! ቡናው እርጥበት ከነካው አለቀልኝ!»

ወንድይራድ በሩ ላይ ቆመ። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መሬቱ ይሁን እሱ አልለየውም።

«ልጆቹ አይወጡም፣ ፊታውራሪ።»

«ታዲያ ቤቱ ልጆቹንም ቡናውንም እንዴት ይችላል? ቦታ የለም እኮ!»

«ቡናው ይውጣ።»

«ምን አልክ? በዝናብ?»

«በዝናብ።»

ፊታውራሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሹመቱንም፣ ደመወዙንም፣ ቤቱንም እንደሚነጥቁት ዛቱ። ወንድይራድ እየሰማቸው ወደ በሩ ጎንበስ አለና የመጀመሪያውን ጆንያ ጆሮ ያዘ። ከበደው። ስመኝ መጥታ በዚያኛው በኩል ያዘችለት፤ ተሸክመው ወደ ጭቃው ወጡ።